ለጠባብ ባኞ ቤት የትኛው ገንዳ? ቀጥ ያለው፣ የማዕዘኑ ወይስ ሌላው

ቤት የሚያድስ ወዳጅ ባገኘሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ባኞ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ግን ገንዳ እፈልጋለሁ። የትኛውን ልግዛ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ቀጥ ያለ፣ 150 በ70 ሴንቲ ሜትር፣ ከወፍራም አክሪሊክ (ጠንካራ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ) የተሠራ። ግድግዳው ካልበቃ 140 በ70። ሌሎቹን የማነሳቸው ለምን እንደማልገዛቸው ለመናገር ያህል ነው።

በማዕዘኑ እንጀምር። «ቦታ ይቆጥባል» ይሏችኋል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። 150 በ70 የሆነ ገንዳ የሚይዘው ወለል 1.05 ካሬ ሜትር ነው። 140 በ140 የሆነው፣ ፊቱ ክብ የማዕዘን ገንዳ ግን 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ ይበላል። ትንሹን 120 በ120 ብትወስዱም ከ1.1 አይወርድም፤ እግር መዘርጊያውም አጭር ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ዋጋው ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ የገንዳውን ብቻ ነው። ክብ ፊቱን የሚሸፍነው ከለላ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል፤ የዚያው ሞዴል ካልሆነም አይገጥምም። ከለላው ከተሰነጠቀና ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ አለቀ። የቀጥታውን ፊት ግን ማንም ግንበኛ በብሎኬትና በሴራሚክ ይዘጋዋል። ሻወር እንዳይረጭ መስታወት ልታደርጉ ካሰባችሁም ቀጥ ያለ መስታወት ከቆልማማው ይረክሳል።

በየፎቶው የሚታየው ለብቻው የሚቆም ገንዳስ? ከሩቁ ያምራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን በገንዳውና በግድግዳው መካከል እጅ የማይገባበት ክፍተት ይቀራል። ሳሙናና ፀጉር እዚያ ይከማቻል፤ መወልወያ አይደርስበትም። ከወለል ቀጥ ብሎ የሚወጣው የቧንቧ መክፈቻው ደግሞ ዋጋው አንዳንዴ ከገንዳው ጋር ይፎካከራል። ይህን የሚነግራችሁ የለም፤ ገንዳውን ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ «ገንዳው ስንት ነው?» አትበሉ። ገንዳው፣ እግሩ ወይም የብረት ፍሬሙ፣ ሲፎኑ (ከገንዳው ሥር ያለው የፍሳሽ ቧንቧ)፣ የትርፍ ውሃ መውጫው፣ ከለላው፣ ማጓጓዣውና የገጠማ ዋጋው አንድ ላይ ስንት ይመጣል በሉ። እያንዳንዱን በወረቀት ጻፉና ደምሩ። መጀመሪያ ርካሽ የመሰለው ገንዳ ሲደመር ከወፍራሙ በልጦ ቁጭ ሲል አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። አክሪሊክ ነው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አክሪሊክ አይደለም። ርካሾቹ ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ተሠርተው ላያቸው ላይ ስስ የአክሪሊክ ቆዳ የተደረበባቸው ናቸው። ከፊት ሲታዩ ያው ነጭና የሚያብለጨልጩ ናቸው።

አንድ ወዳጄ «አንደኛ ደረጃ አክሪሊክ» ብሎ አፉን ሞልቶ የነገረውን ሻጭ አምኖ በግማሽ ዋጋ ገዛ። ዓመት ሳይሞላው፣ ሲገባበት ተረከዙ ሥር ቋ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ፍሳሹ ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። በሙጫ ደፈናት። ነገር ግን ወለሉ ሰው በቆመበት ቁጥር የሚረግብ ገንዳ ላይ ድፍን አይቆይም። ውሃው ሥር ሥሩን ሲሄድ ከርሞ የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሻጩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የዋስትና ወረቀት ነበረው፤ ግን ወረቀቱ የሚሸፍነው ገንዳውን እንጂ ሴራሚክ ማፍረሻውን፣ መልሶ መግጠሚያውንና የጎረቤትን ቀለም አይደለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ከመክፈላችሁ በፊት ገንዳውን አስገልብጡት። የተቆረጠ ጠርዙን ወይም የፍሳሽ ቀዳዳውን አፍ በቅርብ እዩ። እውነተኛው አክሪሊክ ከላይ ጀምሮ ለማጠናከሪያ ከጀርባው እስከተለበጠው ፋይበር ግላስ ድረስ አንድ ወጥ ነው። ፎርጂዱ ላይ ሁለት ድርብ ይታያል፤ ከላይ ስስ የሚያበራ፣ ከሥሩ ሌላ መልክ ያለው ወፍራም። ቀጥሎ የስልካችሁን መብራት ከውስጥ አብርታችሁ ከጀርባ ተመልከቱ። ፋይበር ግላሱ የሳሳበት ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። በመጨረሻ ወለሉን በመዳፋችሁ ተጫኑት። ከረገበ ተዉት። «5 ሚሊ ነው» ቢሏችሁም አትዘናጉ። አክሪሊኩ በሙቀት ሲሳብ ከታች ማዕዘኖቹ ላይ ይሳሳል፤ ጠርዙ ላይ የለካችሁት ውፍረት ስለ ወለሉ አይነግራችሁም። ሻጩ አላስገለብጥም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የላሜራ ገንዳ ኤናሜል (እንደ መስታወት የጠነከረ ሽፋን) የተቀባ ብረት ነው። ጥሩው 3.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይወፍራል፤ እሱን መግዣ ያለው ሰው አይቆጭም። ችግሩ ርካሹ ነው። ስስ ላሜራ ይረግባል፤ ብረቱ ሲረግብ ኤናሜሉ አብሮ አይታጠፍም፣ ይላቀቃል። የተላቀቀበት ቦታ ዝገት ይጀምራል። ኤናሜል በፋብሪካ 800 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚጋገር ነገር ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚቀባው መጠገኛ የመጀመሪያውን አይተካም። የአክሪሊክ ጭረት ግን በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተፈግፍጎ ሲወለወል ይጠፋል። ለዚህ ነው መካከለኛ ገንዘብ ላለው ሰው አክሪሊክ የምለው። ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት) ገንዳ ባዶውን ብቻ 100 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው አላነሳውም።

ልኬት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ባዶ ግድግዳ ለክቶ 150 አገኘሁ ይላል። ሴራሚክና ማጣበቂያው በሁለቱም በኩል ሲገባ 147 ይቀራል፤ ገንዳው አይገባም። ከሴራሚክ በኋላ ለኩ፤ ወይም ገንዳውን መጀመሪያ አስገብታችሁ ሴራሚኩን ጠርዙ ላይ አሳርፉ። የኋላውንም የፊቱንም ለኩ፤ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ቀጥ አይልም። በሩንም አትርሱ። ቀጥ ያለው ገንዳ እግሩ ተፈትቶ በጎኑ ሲያዝ በጠባብ በር ያልፋል። የማዕዘኑ በበሩ ቢያልፍ እንኳ ውስጥ መዞሪያ ያጣል።

ቦይለራችሁንም እዩ። 65 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር፣ 15 ዲግሪ ካለው ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጣችሁ 40 ዲግሪ የሆነ 100 ሊትር ነው። ለ150 ገንዳ ያንሳል። 80 ሊትሩ 160 ያደርስላችኋል፤ በቂ ነው። ትልቅ ገንዳ ገዝቶ ግማሹን ብቻ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲገጠም ሁለት ነገር በዓይናችሁ ካላያችሁ አትክፈሉ። አንደኛ፣ ሲሊኮኑ የሚቀባው ገንዳው በውሃ ተሞልቶ ነው። ሙሉ ገንዳ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ባዶውን ከተቀባ ሲሞላ ክፍተቱ ሰፍቶ ሲሊኮኑ ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ ሲፎኑ ባለበት በኩል የሚከፈት ትንሽ በር ይተው። በሩ ከሌለ አንድ የላላ ጎማ ለማጥበቅ ሴራሚክ ይፈርሳል። ፍሳሹም በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ፤ ያለዚያ ውሃው ይቆያል።

ግድግዳችሁ ከ140 ካነሰ 120 በ70 ወይም 105 በ70 የሆነ፣ መቀመጫ ያለው ገንዳ አለ። መተኛት ለሚከብደው ትልቅ ሰው ይጠቅማል፤ ውሃም አይፈጅም። ጠርዙ ግን ከፍ ስለሚል ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አብራችሁ አስገጥሙ፤ የሱንም ዋጋ ድምሩ ውስጥ አስገቡት። ለልጆችና ለራሳችሁ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ገንዘቡን ጥሩ ሻወር ላይ አውሉት።