ለኤሊ የክረምት እንቅልፍ የተገዛ ትንሽ ፍሪጅ፦ ከአንድ ሙሉ የብርድ ወቅት በኋላ

ይህ አስተያየት የሚመለከተው 120 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ፍሪዘር የሌለው፣ ከኩሽና ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ተራ ፍሪጅ ነው። የተገዛው ግን ለምግብ አይደለም። ፍራንክፈርት የሚኖሩት አክስቴ የብርዱን ወራት አዲስ አበባ ስለሚያሳልፉ፣ ከልጆቻቸው ጋር ያሳደጓት ዝምታ የምትባል ኤሊ በእኔ አደራ ትቆያለች፤ የክረምት እንቅልፏን የምትተኛውም በዚህ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ወቅቱን ሙሉ ስለተጠቀምኩበትና ቅዝቃዜው አሁንም እየተቃረበ ስለሆነ፣ እንደ እኔ የዘመድ ኤሊ ተረክበው ለሚጨነቁ ወገኖች ያየሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ። ዕቃው ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ጥሩ የሚሆነው ግን አስተማማኝ ቴርሞሜትርና ሚዛን አብረው ሲገዙ፣ የሚቀመጥበትም ቦታ በጥንቃቄ ሲመረጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት የኤሊዋን ዝርያ ማወቅ ግዴታ ነው። ዝምታ የኸርማን ኤሊ ናት፤ የዝርያዋ መኖሪያ ከስፔን እስከ ባልካን ያለው የደቡብ አውሮፓ ምድር ሲሆን፣ እዚያ ብርዱ ሲመጣ ኤሊዎቹ አፈር ቆፍረው ይገቡና እስከ ጸደይ ይተኛሉ። በአንጻሩ በአገራችን በስምጥ ሸለቆና በቆላማ አካባቢዎች የሚገኘው፣ ድንጋዩ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር የሆነው ኤሊም ሆነ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው የሳህል ቀጣና የሚኖረው ግዙፉ የአፍሪካ ኤሊ እንዲህ ያለ እንቅልፍ በተፈጥሯቸው የላቸውም፤ እነርሱን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት መግደል ነው። ስለዚህ ኤሊዋን የሚያስረክበው ዘመድ ወረቀቷንም አብሮ ይስጥ። የኸርማን ኤሊ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት አንዷ ስለሆነች፣ በሕጋዊ መንገድ የተያዘች ከሆነ ዝርያዋን የሚገልጽ ማስረጃ ይኖራታል።

ፍሪጅ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። አክስቴ ነገሩን አዲስ አበባ ላለው ቤተሰብ ባወሩ ጊዜ ታላቅ እህታቸው ስልኩን ተቀብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ነፍስ ያላትን ፍጡር እንደ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ትከታታለህ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ በአግባቡ ሊመለስ ይገባዋል። ኤሊ እንደ እኛ የሰውነቷን ሙቀት ከውስጥ አታመነጭም፤ በዙሪያዋ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርሷም ትቀዘቅዛለች። ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ልቧም ትንፋሿም በጣም ይዘገያል፤ በበጋው ያጠራቀመችውንም ስንቅ በጥቂት በጥቂቱ ትጠቀማለች። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ካለፈ ግን ሙሉ በሙሉ ሳትተኛ፣ ሳትነቃም፣ ሳትበላ ጉልበቷን ትጨርሳለች። ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ ውርጩ ሰውነቷን ይጎዳል፤ ከሞት ብትተርፍ እንኳ ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል። የዛሬ ቤቶች ከምድር በታች ያለው ክፍላቸው፣ እኛ ኬለር የምንለው፣ በማሞቂያ ቧንቧዎች ምክንያት ብዙውን ጊዜ ለዚህ እንቅልፍ ይሞቃል፤ በረንዳው ደግሞ በአንድ የውርጭ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። በከተማ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ክረምቱን ሙሉ 5 ዲግሪ ላይ ጸንቶ የሚቆይ ቦታ ከፍሪጅ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ዕቃው ስመለስ፣ ትልቁ ድክመቱ የሙቀት ማስተካከያው ነው። ከ1 እስከ 7 የተጻፈበት የሚዞር ቁልፍ ብቻ ስላለው ቁጥሩ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይናገርም፤ ለወተትና ለአትክልት ይህ ችግር ባይሆንም፣ ለኤሊ ግን በ3 ዲግሪና በ8 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት የጤናና የጉዳት ልዩነት ነው። ስለዚህ ፍሪጁን ኤሊዋ ከመግባቷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ባዶውን ማሠራትና ሙቀቱን በተለያየ ሰዓት መመዝገብ ያስፈልጋል። የእኛው በመካከለኛው ቁጥር ላይ ሲሆን ላይኛው መደርደሪያ ከታችኛው ከ2 ዲግሪ በላይ ይሞቅ ነበር፤ የኋላው ግድግዳ ደግሞ፣ ቅዝቃዜውን የሚያመነጨው ክፍል እዚያ ስለሆነ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በረዶ እስኪይዝ ይቀዘቅዛል። የኤሊዋ ሣጥን ይህን ግድግዳ ፈጽሞ መንካት የለበትም። ባዶ ሆኖ የቀረውን ቦታ ሁሉ ውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ብንሞላው የሙቀቱ መውጣትና መውረድ በግልጽ ቀነሰ፤ ብዙ ውኃ ቶሎ ስለማይሞቅና ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ፣ በሩ ሲከፈትም ሆነ መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ ውስጡን ያረጋጋዋል።

ቴርሞሜትሩን በተመለከተ ከገንዘብ መቆጠብ አይገባም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚያስቀምጥ፣ ከተወሰነው ወሰን ሲያልፍ የሚጮህ፣ ጫፉ በቀጭን ሽቦ የሚገባ ዓይነት ይመረጣል። ሽቦ አልባ የሆኑትን አልመክርም፤ የፍሪጁ ብረት ምልክቱን ሊያዳክመው ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያው በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይደርስ ይችላል። ቀጭኑ ሽቦ በበሩ ጎማ በኩል ሲያልፍ በሩ በደንብ መዘጋቱን ማረጋገጥ ይበቃል። ጫፉ የሚቀመጠው በአየሩ ውስጥ ሳይሆን በሣጥኑ አፈር ውስጥ፣ ኤሊዋ አጠገብ መሆን አለበት፤ አየሩ ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ይለዋወጣል፣ ኤሊዋ የሚሰማት ግን የአፈሩ ሙቀት ነው።

ስለ ቦታው ደግሞ ሻጮች የማይነግሩን ነገር አለ። በአውሮፓ የሚሸጥ እያንዳንዱ ፍሪጅ በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ በትክክል እንደሚሠራ የሚገልጽ የአየር ንብረት ምድብ አለው፤ ኤስ ኤን የተባለው ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ለሆነ ክፍል የተሠራ ሲሆን፣ ኤን እና ኤስ ቲ የተባሉት ግን ቢያንስ 16 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ለቀዝቃዛ ኬለር የሚገዛ ሰው ኤስ ኤን የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጥ። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ፍሪጅ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም የሚለው ነው። ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ቢቀመጥና ውጭው ለብዙ ቀናት ከዜሮ በታች ቢውል፣ ውስጡ ያለችው ኤሊ ከውርጩ ጋር አብራ ትቀዘቅዛለች፤ ማስተካከያው ቁልፍ የትም ቢዞር የሚለወጥ ነገር የለም። ዝምታ ያለችበት ፍሪጅ የቆመው ሙቀቱ ብዙም በማይለዋወጥ የውስጥ መተላለፊያ ላይ ነው፤ የሞተሩ ድምፅም ሰውን የሚረብሽ አይደለም።

ሣጥኑ ክዳኑ የተበሳሳ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ሲሆን፣ በግማሹ ማዳበሪያ ያልነካው አፈር፣ በላዩ የደረቀ የዛፍ ቅጠል ተደርጎበታል። እዚህ ላይ ፍሪጁ ሁለተኛ ድክመቱን ያሳያል። የአየሩ እርጥበት በኋላው ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ በትንሿ ቀዳዳ ወደ ውጭ ስለሚፈስ፣ አፈሩ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ኤሊ ደግሞ በእንቅልፏ ጊዜ ከረኃብ ይልቅ የውኃ ማጣት ይጎዳታል። በየሳምንቱ አፈሩን በእጅ ዳስሶ ሲደርቅ ትንሽ ውኃ መርጨት ያስፈልጋል፤ ጭቃ እስኪሆን ግን አይደለም። በአየር ማራገቢያ የሚሠሩት፣ በረዶ አይሠሩም ተብለው የሚሸጡት ፍሪጆች ከዚህ ይበልጥ ስለሚያደርቁ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

አየርን በሚመለከት፣ በእንቅልፍ ላይ ያለች ኤሊ የምትፈልገው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሩን ለጥቂት ደቂቃ ከፍቶ አየሩን መለወጥ ይበቃል። አየር እንዲገባ ብለው ግድግዳውን በመሰርሰሪያ የሚበሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዛሬዎቹ የቤት ፍሪጆች አብዛኞቹ የሚቀዘቅዙት ኢሶቡቴን በተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ሲሆን፣ ቧንቧው በየትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ ከውጭ አይታይም። ምግብም አብሮ አይቀመጥ። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ስለምትችል፣ ፍሪጁ የእርሷ ብቻ መሆን አለበት፤ ከነካናት በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

ሚዛኑ የመረጋጋት ምንጭ የሆነልኝ ዕቃ ነው። አንድ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ያስፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ ሳወጣት ድንጋይዋ በክረምት ሌሊት ውጭ ያደረ ሸክላ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቅጠሉ ከጀርባዋ ላይ ይራገፋል፣ ዓይኖቿ ተከድነዋል። የፊት እግሯን በጣት ጫፍ ስነካው ወዲያው አይንቀሳቀስም፤ ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ያን እንቅስቃሴ ባየሁ ቁጥር ወደ አዲስ አበባ እደውላለሁ፤ አክስቴም ሌላ ሳይጠይቁ፣ «እግሯን ሰበሰበች?» ይሉኛል። ክብደቷ ሲገባ 1,100 ግራም ነበር፤ ጤነኛ ኤሊ በወር ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ ስለምትቀንስ፣ ለእርሷ ይህ በወር 11 ግራም ያህል ነው። ቅነሳው ፈጥኖ ወደ 10 በመቶ ከተጠጋ፣ ወይም ሣጥኑ ውስጥ ሽንት ከታየ፣ እንቅልፉ ተቋርጦ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ ሽንቷን ያጣች ኤሊ የውኃ ክምችቷን ያጣች ናትና። ሚዛኑ ላይ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ማቆየት ደግሞ አይገባም።

ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህ ፍሪጅ የታመመች ኤሊን አያተርፍም። አፍንጫዋ ፈሳሽ የሚያወጣ፣ ዓይኗ ያበጠ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም በበጋው ያልወፈረች ኤሊ መተኛት የለባትም። የመኝታው ጊዜ ከመድረሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት በደረት የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ሊያያት፣ ዐይነ ምድሯም ለትላትል ሊመረመር ይገባል፤ መድኃኒት ቢያስፈልግ በቂ ጊዜ የሚኖረው ያን ጊዜ ነውና። በአገራችን ለከብትም ለሰውም በሰፊው የሚታወቀው አይቨርሜክቲን ለኤሊ መርዝ ስለሆነ፣ ማንም በራሱ ግምት ትል ማስወጫ እንዳይሰጣት። ከዚያ በኋላ ይህን ለምታህል ኤሊ ምግብ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቋረጣል፤ በቅዝቃዜ ውስጥ ሆድ ስለማይፈጭ የቀረ ምግብ ይበሰብሳል። ውኃ ግን አይቋረጥም፤ ለብ ባለ ጥልቀት በሌለው ውኃ መታጠቧ ሆዷንም ያጸዳል፣ ውኃም ያጠጣታል። በእነዚህ ሳምንታት ብርሃኑና ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ሲኖርበት፣ የእኛ ፍሪጅ ከ9 ዲግሪ በላይ ተስተካክሎ መቆም ስለማይችል የመጀመሪያውን ደረጃ ማሞቂያው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳለፍ ነበረብን። ይህ ሦስተኛው ድክመቱ ነው።

ከድክመቶቹ አብዛኞቹ የማይታዩበት አማራጭ የወይን ጠጅ ማቀዝቀዣ ነው። አብዛኛው ከ5 እስከ 18 ዲግሪ በቁጥር ስለሚስተካከል ቀስ በቀስ ማውረዱም ማንቃቱም በውስጡ ይከናወናል፤ በሩ መስተዋት ስለሆነ ግን በጨርቅ መሸፈን አለበት፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የእኛ ፍሪጅ ከ200 ዩሮ በታች የተገዛ ነው። ለመኪናና ለመዋቢያ ዕቃ ተብለው የሚሸጡትን በጣም ትንንሽ ማቀዝቀዣዎች ግን በርካሽነታቸው ተስቦ የሚገዛ እንዳይኖር አጥብቄ እለምናለሁ። ብዙዎቹ የማቀዝቀዣ ሞተር (ኮምፕሬሰር) የላቸውም፤ ከክፍሉ ሙቀት የተወሰነ ዲግሪ ዝቅ ከማድረግ በስተቀር በአንድ ሙቀት ላይ መጽናት ስለማይችሉ፣ ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ኤሊዋም ትሞቃለች።

አንዲት ጤነኛ፣ ጎልማሳ የኸርማን ኤሊ ይዞ ለሦስት ወይም አራት ወር በየጊዜው በሩን ሊከፍት፣ ሊመዝንና ሊመዘግብ ለሚችል ሰው ይህን ዓይነት ፍሪጅ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በብርዱ ወራት ራሱ ለረጅም ጊዜ ከቤት የሚርቅ ሰው ግን፣ ኤሊዎችን በክፍያ ተቀብለው ሙቀቱን በሚቆጣጠሩት ማቀዝቀዣ የሚያስተኙ የእንስሳት ሐኪሞች በጀርመን ስላሉ ለእነርሱ ቢሰጣት ይሻላል። ለዘንድሮ የሚገዛ ካለ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ቢገዛ መልካም ነው፤ ከሙከራው ሁለት ሳምንት በኋላ ፍሪጁ የተበላሸ ሆኖ ቢገኝ፣ ኤሊዋ ምግብ ከማቆሟ በፊት ለመለወጥ ጊዜ ይኖራል።