ሳልጠራው የመጣ ቀይ ቦቴ፦ የሰፈራችን በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ (ከአምስት አራት ተኩል ኮከብ)

ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢዬ የመጡት ሳልጠራቸው ነው። የመስቀል ዋዜማ ነበር። የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ሜልበርን ወርጄ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አልቻልኩም፤ ልጆቹ እንዳይከፋቸው ከጓሮ በለቀምነው ቅርንጫፍ ትንሽ ደመራ አቆምን። አደይ አበባ እዚህ የለም። መስከረም ላይ ግን ዋትል የሚሉት የግራር ዘመድ ቢጫ ያብባል፣ እሱን አናቱ ላይ አሰርኩለት። ችቦውን እንደለኮስን ጭሱን ያየ ጎረቤት ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ ሦስቱን ዜሮ (000)፣ ደውሎ ኖሮ፣ ዘፈናችንን ሳንጨርስ ቀይ ቦቴ በሩ ላይ ቆመ። ቢጫ ልብስ የለበሱ አምስት ሰዎች ዱብ ዱብ አሉ። አንዱን አወቅኩት፤ የልጆቼ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው።

«ቅጣቱ ስንት ነው?» አልኩ ደንግጬ። ካፒቴኗ ስልሳውን የተሻገሩ በግ አርቢ ናቸው። ቅጣት የሚባል ነገር አላነሱም። ወቅቱ ማቃጠል የሚፈቀድበት ቢሆንም አስቀድሞ ማስመዝገብ እንደሚገባ፣ ተመዝግቦ ቢሆን ጎረቤቴ ሲደውል የታወቀ እሳት ነው ተብሎ ማንም ከእራቱ እንደማይነሳ አስረዱኝ። ከዚያ ቆመው አዩ። ደመራው የሚወድቅበት አቅጣጫ እኛ ዘንድ ትርጉም እንዳለው ስነግራቸው ነፋሱን አየት አደረጉና «ወደ ምሥራቅ» አሉ። ወደ ምሥራቅ ወደቀ።

ብርጌድ የሚሉት የሰፈሩ እሳት አጥፊ ቡድን እናት ድርጅት ካንትሪ ፋየር ኦቶሪቲ ነው፣ ሰዉ ሲኤፍኤ ይለዋል። በፈረንጆቹ በ1939 እና በ1944 የምንኖርባትን የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ቪክቶሪያን ካነደዳት እሳት በኋላ በ1945 ሥራ የጀመረ ነው። በ2020 ደመወዝተኛ እሳት አጥፊዎቹ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከሄዱ ወዲህ ቦቴው ላይ የሚወጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያደግኩት ደብረ ታቦር ዙሪያ ገጠር ስለሆነ ነገሩ አልገረመኝም፤ ጎጆ ሲነድ አንዱ እሪ ይላል፣ ሌላው እርጥብ ቅጠልና እንስራ ይዞ ይሮጣል። የእነዚህ እሪታ ወገባቸው ላይ የሚጮህ ፔጀር የሚሉት የጥሪ መሣሪያ ነው። እንደ እድር ቀሪን መቅጣት ግን አያውቁም።

አራት ተኩሉን ኮከብ ያስገኘላቸው የውሃ ጎማው አይደለም፣ በኅዳር የመጡበት ቀን ነው። በጋው እዚህ የሚገባው በታኅሣሥ ነው፣ ካፒቴኗ ከዚያ በፊት ቤቴን እንዲያዩልኝ ጠየቅኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሩት። አሸንዳዬ በደረቅ ቅጠል ተሞልቷል። ማገዶዬን ከእንጨት ግድግዳው ጋር አስጠግቼ ከምሬዋለሁ፣ ለዝናብ ብዬ። የበሩ ምንጣፍ ደረቅ ቃጫ ነው። ብዙ ቤት የሚያቃጥለው ነበልባሉ ራሱ ሳይሆን ነፋስ ቀድሞ የሚያመጣው ፍንጣሪ ነው አሉኝ፤ አሸንዳ ውስጥ ይወድቃል፣ በረንዳ ሥር ይገባል፣ ተደብቆ ይቆይና ይነሳል። አመጣጡንም ከግቢዬ ዛፍ ላይ አሳዩኝ። በምኒልክ ዘመን ወደ እኛ አገር የሄደው ባህር ዛፍ ትውልዱ እዚህ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ እንደ ጨርቅ የሚንጠለጠለው ልጡ እየነደደ በነፋስ ሩቅ ይሄዳል። ልጅ ሆነን ቅጠሉን ለጉንፋን ስንታጠንበት ያ ሽታ ነዳጅ መሆኑን ማን ነገረን?

ሮቶዬንም አዩት። የሸጠልኝ ሰው የአትክልት ቧንቧ ብቻ ገጥሞ ሄዷል፤ የቦቴው የውሃ ጎማ የሚይዘው ባለ 64 ሚሊ ሜትር መግጠሚያ ነው። ውሃው ሞልቶ ተቀምጦ በጭንቅ ሰዓት ሊቀዱት አይችሉም ነበር ማለት ነው። አስቀየርኩ።

ሲወጡ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ሁሉ ሲነድ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርስ ቦቴ የለም። እኛን አትጠብቂ፣ በጠዋት ውጪ።» ጥቁር ቅዳሜ የሚሉትን፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009ን፣ አነሱ። በዚያን ዕለት እሳት 173 ሰው ሞቷል። ከዚህ በላይ አላወሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን እሳት ፈጽሞ የተከለከለበት ቀን ሲታወጅ ደጅ ላይ ከሰል አላያይዝም። ጀበናዬ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ላይ ትፈላለች፣ ጣዕሙ ይቀራል፣ ምን ይደረግ።

ዋጋ? ለአገልግሎቱ ሳንቲም አልጠየቁኝም። በፈረንጆቹ ስቅለት ቆርቆሮ እያንኳኩ መንገድ ላይ ሲቆሙ ለራሳቸው መስሎኝ ሃያ ዶላር ከተትኩ፤ ለካ የሚሰበስቡት ለሕፃናት ሆስፒታል ነው።

ግማሿን ኮከብ የቀነስኩት በቋሊማው ነው። ጣቢያቸውን ለሕዝብ በከፈቱበት ቀን አንድ ቋሊማ በአንድ ቁራሽ ነጭ ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሽንኩርቱ እንኳ ጨው የለውም። በሚቀጥለው እሑድ ልምምድ ላይ ሲሆኑ ድፎ ዳቦና ዳጣ ይዤ ሄድኩ። የአውቶቡሱ ሾፌር ዳጣውን እንደ ቲማቲም ድልህ ቀባው፣ ከዚያ ወደ ቦቴው ውሃ ሮጠ።

ዘንድሮ ደመራውን አስቀድሜ በስልክ አስመዘገብኩ። ልጅቷ የክምሩን ቁመት ጠየቀችኝ፤ ሁለት ሜትር አልኳት። ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሆነ ስትጠይቅ፦ «ቆሻሻ አይደለም፣ አናቱ ላይ አበባ አለው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «የአትክልት ተረፈ ምርት ብዬ ልጻፈው?» አለችኝ።