ሁለት አፍ ያለው የቅርንጫፍ መፍጫ፦ አንዱ ሠርቷል፣ ሌላውን ከድኜዋለሁ

ዛፍ በከረከምኩ ቁጥር የሚከመረው ቅርንጫፍ ሲያስመርረኝ ነው ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር መፍጫ የገዛሁት። ሁለት አፍ አለው። በጎን ያለው ጠባቡ ወፍራም ቅርንጫፍ ይበላል፤ ከላይ ያለው ሰፊው ደግሞ ለቅጠልና ለጭራሮ ነው ተብሏል። ሁለት የመከርከሚያ ወቅት ሠርቼበታለሁ።

የጎኑ አፍ አንጀቴን አርሶታል። ቮላኖ በሚባል ከባድ የብረት መንኮራኩር ላይ የታሰሩ አራት ቢላዎች አሉት፤ እየዞሩ ከማይንቀሳቀሰው ስለት ጋር እንጨቱን እንደ መቀስ ይቆርጡታል። የትራክተሩን ኃይል ወደ መፍጫው የሚያስተላልፈው ፒቲኦ የሚባለው ዘንግ በደቂቃ 540 ዙር ላይ መድረስ አለበት። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ሞተሩን ዝቅ ሳደርገው ቅርንጫፉ መቆረጡን ትቶ አፉ ላይ ይዘል ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩትም። በግንዱ በኩል አስገቡት፣ ቢላዋው ሲይዘው ወዲያው ልቀቁት። ቅጠላሙ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲሳብ እንደ አለንጋ ይገርፋል፤ እኔን ጉንጬ ላይ ስላገኘኝ ያለ መነጽር አልቆምም። ደግሞ እርጥብ እንጨት ከደረቅ በጣም ይቀላል፤ በቆረጣችሁበት ሳምንት ፍጩት።

በመጀመሪያው ወቅት መሬት ለመሬት የጎተትኩትን ቅርንጫፍ አፈሩን ሳላራግፍ እያስገባሁ ቢላዎቹን ገደልኳቸው። ምልክቱን አሁን አውቀዋለሁ፦ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ንጹሕ ስባሪ መውጣቱ ቀርቶ እንደ ቃጫ የተተለተለ ነገርና ብናኝ ይመጣል። ብሎኖቹን የእንጨቱ ሙጫ ስላጣበቃቸው ፈትቶ መሳልና መልሶ መግጠም ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ሲሳል ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ስትገጥሙም ከቋሚው ስለት ጋር ያለውን ክፍተት በመመሪያው ልክ አስተካክሉ።

የላዩ አፍ ግን አሳዝኖኛል። ውስጡ ያሉት መዶሻዎች ቅጠሉን ቀጥቅጠው በወንፊት ያሳልፉታል። ጤዛ የነካው ቅጠል ሲገባ ወንፊቱ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ሐረግ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ደረቁን ቅጠል በደንብ ይፈጨዋል፤ እሱን ግን የሣር ማጨጃውም ይፈጭልኛል። ክዳኑ በአራት ዳዶ የታሰረ ስለሆነ በተደፈነ ቁጥር መፍቻ ይዞ መንበርከክ ነው። ይህን የነደፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ እርጥብ ቅጠል የፈጨ አይመስለኝም። ከመክፈት በፊት ደግሞ ትራክተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪስ ከቶ፣ ቮላኖው እስኪቆም መጠበቅ ግድ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ዝም ብሎ ይዞራል።

540 ዙር ማለት በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ልቅ እጅጌ ከያዘ ለመጮህም ጊዜ የለም፣ የዘንጉን ሽፋን አታውልቁ። ሲጨናነቅ እንዲሰበር ታስቦ የተሠራውን ፒን በጠንካራ ብሎን ልተካው ብዬ ነበር፤ ፒኑ ሲተርፍ የሚሰበረው ማርሹ መሆኑ ሲገባኝ ተውኩት።

ከስባሪው የማነጥፈውን ጉዝጓዝ በተመለከተ ቅር አላለኝም። ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከዛፎቹ ሥር አንጥፌ አረሙ በጣም ቀንሷል፣ ውኃ የማጠጣውም እየራቀ ነው። ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ተጠግቶ ከተከመረ ቅርፊቱን ያበሰብሳል። የተሳሳትኩት አትክልት መደብ ላይ ነው፦ ትኩሱን ስባሪ ከአፈሩ ጋር አብሬ ቆፈርኩትና ችግኞቹ ቢጫ ሆኑ። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጂኑን ይሻሙታል። ከላይ ብቻ ሲነጠፍ ግን ይህ ችግር ብዙም አይታይም።

ትራክተር ካላችሁና የምትከረክሙት ዛፍ ብዙ ከሆነ ግዙት። ያላችሁ ቅጠል ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። የጎኑ አፍ ብቻ ያለው፣ ክዳኑም በማጠፊያ የሚከፈት ካገኛችሁ ከእኔው ይልቅ እሱን ውሰዱ።