አይፖድን ትቼ የመረጥኳት ክሊፕ ፕላስ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

አጎቴ ቅኔ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን እንድትቀዳልኝ ትንሿን የሙዚቃ ማጫወቻዬን ጋቢያቸው ጥለት ላይ እሰካታለሁ። ከጀርባዋ መቆንጠጫ አላት፤ ክብደቷም 24 ግራም ያህል ስለሆነ ጨርቁን አትጎትተውም። በመጀመሪያው ቀን ትኩር ብለው አዩዋትና «ቅዳው፤ ብቻ ሰሙን ይዘህ ወርቁን እዚህ ጥለህ እንዳትሄድ» አሉኝ።

ሳንዲስክ ክሊፕ ፕላስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ላይ የዋለች ናት፤ እኔም የገዛሁት ያገለገለች ነው። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሳልጠቀምባት የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ወንድሜ አይፖድ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። አይፖድ በድንቅ ሁኔታ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ዘፈን የሚገባበት በአይቱንስ ወይም በሌላ የአፕል ፕሮግራም በኩል ነው፤ ሚሞሪ ካርድም አይቀበልም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረውን ይህን ምርት እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሞታል። እኔ የምሰማውን የምቀዳው ከወዳጅ ዘመድ ኮምፒውተር ነው። በየሰው ቤት ፕሮግራም ልጫን ማለት አልችልም። ይህችን ግን እንደ ፍላሽ ሰክቼ፣ ገልብጬ፣ ነቅዬ እሄዳለሁ።

ዋናው ትርፍ የመጣው ሮክቦክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከጫንኩባት በኋላ ነው። ዩኒፎንት የተባለውን የፊደል ዓይነት ስመርጥ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጠው ማያ ገጽ ላይ «መወድስ» የሚለው የቅኔ ዓይነት ስም በፊደላችን ወጣ፤ የላይኛው መስመር ቢጫ፣ የታችኞቹ ሰማያዊ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ የድግግሞሹ ነገር አለ። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ኅብሩ፣ ማለትም ድርብ ፍቺው፣ ግን አንዲት ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጣል። መነሻውንና መድረሻውን ምልክት አድርጌ ስተወው ያንኑ ቤት እየደጋገመ ያሰማኛል። ፍጥነቱን ስቀንሰውም የአጎቴ ድምፅ አይጎረንንም። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ደምበጫ ላይ ያልገባኝ ቃል ቡሬ ስንደርስ የተፈታልኝ ጊዜ አለ። በስልክ ቢሆን ኖሮ መሀል ላይ አንድ ሰው ይደውል ነበር።

ሬዲዮም አላት፤ የማዳመጫው ገመድ አንቴና ይሆናል።

ባትሪዋ አዲስ ሳለች 15 ሰዓት እንደሚቆይ ተነግሮላታል። የእኔዋ በዕድሜዋ ምክንያት ሰባት ሰዓት ያህል ትሠራለች፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ይህም ይበቃኛል። ባትሪው በቀላሉ ተነቅሎ የሚቀየር አይደለም። ገመዷም የዛሬ ስልኮች የማይጠቀሙበት ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ገዝቼ አንዱን ቤት አስቀምጫለሁ።

እስካሁን የሚቆጨኝ የሚሞሪ ካርዱ ነገር ነው። 32 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ ሐሰተኛ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ 32 ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ከሞላ በኋላ የገባው ፋይል ግን ስሙ እንጂ ድምፁ የለም። አንድ ሙሉ መወድስ፣ ስምንቱም ቤት፣ በዚያ ጠፋ። አጎቴን እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው። «ለዚያ ቀን የተባለ ነው» ብለው ዝም አሉ። አሁን አዲስ ካርድ ስገዛ በማያሳሳኝ ዘፈን ጢም አድርጌ እሞላውና የመጨረሻውን ፋይል ከፍቼ እስከ ጫፉ አዳምጣለሁ፤ የአጎቴ ድምፅ የሚገባበት ከዚያ በኋላ ነው።