ቤንዚን ወይስ ባትሪ? ባለ 21 ወይስ ባለ 48? ሳር ማጨድ ለሚጀምር ሰው የማሽን ንጽጽር

ሐምሌና ነሐሴ ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታየን ዝናብና ጭቃ ነው። ሳሩ እያዩት የሚያድግበት ጊዜ። ሜሪላንድ ውስጥ ሳር ማጨድ ስጀምር ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ስሌትም ይኸው ነበር። ሰመር ሲመጣ ሳሩ ያድጋል፣ ሳሩ ሲያድግ ገንዘቡ ይመጣል ብዬ ባለ 48 ኢንች ማሽን (በአንድ ምልልስ 48 ኢንች ስፋት የሚያጭድ) ከነትሬለሩ፣ ማለትም ከነተጎታቹ፣ በወርሃዊ ክፍያ ገዛሁ። ጁላይ አጋማሽ ላይ አንዱ ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አልተቆጣም። ሳሩን በጫማው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ኮሽ አለ። ገለባ ሆኗል። «ዛሬ ምኑን ልታጭድልኝ ነው?» አለኝ እየሳቀ። ማታ ላይ አራት ሰዎች ያንኑ በቴክስት ላኩልኝ። የማሽኑ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ከሂሳቤ ላይ ወጣ።

ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ከኡበር ወይም ከፓርኪንግ ሥራው ጎን ለጎን ሳር ማጨድ ልጀምር ለሚል ሰው ነው። «የቱን ማሽን ልግዛ?» ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ወደ ማሽኑ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ሳሩ ትንሽ ልበል።

እዚህ አካባቢ በብዙ ግቢ የምታገኙት ቶል ፌስኪዩ የሚባለውን ሳር ነው። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ከኤፕሪል እስከ ጁን አጋማሽ በየሳምንቱ ብታጭዱትም ይቀድማችኋል። ሙቀቱ ሲበረታና ዝናቡ ሲጠፋ ይተኛል፤ አይሞትም፣ ግን አያድግም። ሴፕቴምበር ላይ ነቅቶ እስከ ኖቬምበር ድረስ እንደገና ሥራ ይሰጣል። የጁላይና የኦገስት እንጀራችሁ ከሰዓት በኋላ በሚመጣው ነጎድጓድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከመጣ ታጭዳላችሁ፣ ካልመጣ ቁጭ።

የዓመትና የዓመት ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 ዋሽንግተን ላይ 66 ኢንች ዘነበ፤ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ዝናባሙ ነበር። የተለመደው 42 ኢንች ገደማ ነው። በ2024 መኸር ደግሞ 38 ቀን ሙሉ የሚለካ ዝናብ ጠብ ሳይል ቀረ፣ ያውም በሴፕቴምበር የተዘራው የሳር ዘር ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት። ስለዚህ ዛሬ ከማንኛውም ማሽን ፊት ስቆም ለራሴ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ሦስት ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ቢቆም ስንት ያስወጣኛል?

ስፋቱ

ባለ 21 ኢንቹ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚገፋው ማሽን ነው። ለቤት የተሠራው ከ400 እስከ 700 ዶላር ይገኛል። ለሥራ የተሠራው ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱን ሱቅ ውስጥ በዓይን አታዩትም፤ የምታዩት ሜይ ላይ ነው። የቤቱ ማሽን በሳምንት አንድ ግቢ እንዲያጭድ ታስቦ ነው የተሠራው። እናንተ በቀን ስምንት ስታሳጭዱት ጎማውን የሚነዳው ጥርስ ያልቃል፣ እጀታው ይላላል። ቢሆንም ለመጀመሪያው ዓመት የቤቱን አልንቅም። ሥራው የማይሆንላችሁ ከሆነ የከሰራችሁት 500 ዶላር ነው።

ባለ 30 ኢንቹ ብዙ ሰው የማያየው መካከለኛ ነው። ቶሮ የሚሠራው ለቤት የሚሆነው 1,400 ዶላር አካባቢ ነው። ከ21 ጋር ሲተያይ በየምልልሱ 9 ኢንች ትርፍ ታገኛላችሁ፣ ግን ያው በእጅ የሚገፋ ነው። በአጥሩ በርም ያልፋል።

በሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ ጀርመንታውን ውስጥ አንድ ታውንሃውስ ሄጄ ባለ 48ቱን ከትሬለሩ አወረድኩ፣ አስነሳሁ፣ ወደ ጓሮ ነዳሁት። የአጥሩ በር 36 ኢንች ነበር። ወደ ኋላ መለስኩት፣ በአንግል ሞከርኩት፣ ጎረቤት በመስኮት እያየኝ። በመጨረሻ የባለቤቱን የራሱን ማጨጃ ተውሼ ጨረስኩ። ባለ 36 ኢንቹም ቢሆን 36 በሆነ በር አይገባም፤ ትንሽ ትርፍ ይፈልጋል። ደንበኛ ልታናግሩ ስትሄዱ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ባለ 36 እና ባለ 48 ቆመው ወይም ከኋላ ሆነው የሚነዷቸው ማሽኖች ናቸው። ሰፊ ግቢ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው፤ የአንድ ሰዓቱን ሥራ በሃያ ደቂቃ ትጨርሳላችሁ። ግን 200 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። አራት ቀን ዘንቦ መሬቱ ሲለሰልስ የጎማቸው መስመር ሳሩ ላይ ይቀራል። ያንን መስመር ያየ ደንበኛ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አይጠራችሁም። ቀላሉ ማሽን በእንደዚህ ያለው ቀን ቀስ ብሎም ቢሆን ያጭዳል።

አሁን ሂሳቡን እዩት። አዲስ ባለ 36 ኢንች 6,000 ዶላር አካባቢ ነው እንበል። በ36 ወር ያለወለድ እንኳ ብትከፍሉ በወር 167 ዶላር ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች ሳር የለም። አራት ወር ማለት 668 ዶላር፣ በረዶ እያያችሁ። ደረቅ ጁላይና ኦገስት ሲጨመርበት በዓመት ስድስት ወር ሙሉ ለተኛ ማሽን ትከፍላላችሁ። ሰፊ ግቢ ያላቸው አሥራ አምስት ደንበኞች በእጃችሁ ከሌሉ አልመክርም።

የቱንም ስትገዙ የምላጩ ከፍታ እስከ 4 ኢንች የሚወጣ መሆኑን እዩ። በሙቀት ጊዜ ፌስኪዩን አሳጥሮ ማጨድ ሳሩን መጥበስ ነው።

ቤንዚን ወይስ ባትሪ

እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን መልሴ የስንት ደንበኛ ቤት እንደያዛችሁ በማየት ይወሰናል።

ቅጠልና ብጣሽ ሳር የሚነፋው ብሎወር ላይ ምርጫ የለም። ዲሲ በቤንዚን የሚሠራውን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከልክሏል፤ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሽያጩን በጁላይ 2024፣ መጠቀሙን በጁላይ 2025 አቁሟል። እዚያው ካውንቲ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምትሠሩ ከሆነ ያገለገለ የቤንዚን ብሎወር በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ። የሚሸጥላችሁ ሰው ምክንያት አለው። በሌላ ካውንቲ የምትሠሩ ከመግዛታችሁ በፊት የካውንቲያችሁን ደንብ ጠይቁ።

ማጨጃው ላይ ግን ባትሪና ቤንዚን በእኩል ይፎካከራሉ። የባትሪው ትልቅ ጥቅም ከመኪናችሁ ጋር መስማማቱ ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኢጎ፣ እጀታቸው ታጥፎ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሲየና (የቶዮታ ሚኒቫን) ውስጥ ከኋላ ይገባል፣ ትሬለር አያስፈልግም። ጠዋት በቤንዚን ያጨደ ሰው ማታ ኡበር ሲያወጣ ምን እንደሚሆን ላጫውታችሁ። ተሳፋሪዋ ገና በሩን ሳትዘጋ መስኮቱን አወረደች። ሁለተኛው ሰው ደግሞ ምንም ሳይል አንድ ኮከብ ሰጠኝ። ከሽታው በላይ ደግሞ ቤንዚን ሰው በሚሳፈርበት መኪና ውስጥ መያዝ አደገኛ ነው።

ደረቅ ሰመር ላይም ባትሪ ያሸንፋል። ሲቆም ዝም ብሎ ይቆማል። የቤንዚን ማሽን ውስጥ ለወራት የቆየ ቤንዚን ካርቡረተሩን ያጣብቀዋል፤ ፓምፕ ላይ የምንቀዳው ቤንዚን ኤታኖል ስላለበት ቶሎ ይበላሻል። ማርች ላይ ገመዱን አርባ ጊዜ ጎትቶ ትከሻውን ያመመው ሰው ያውቀዋል። መድኃኒቱ የበረዶው ወቅት ከመግባቱ በፊት ቤንዚኑን ጨርሶ ማውጣት ወይም ማረጋጊያ (ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) መጨመር ነው።

ዝናብ የበዛበት ሳምንት ላይ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ዘንቦ ሐሙስ ፀሐይ ሲወጣ የአምስት ቀን ሥራ በሁለት ቀን ይጠብቃችኋል። ሳሩ እስከ ቅልጥም ደርሷል፣ ውስጡም ገና እርጥብ ነው። እንደዚህ ያለ ሳር ባትሪን ይውጠዋል። በደረቅ ቀን አራት ትንንሽ ግቢ የሚጨርሰው ባትሪ ሁለተኛው ላይ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ቻርጀሩ ደግሞ የጋለ ባትሪ አይሞላም፣ እስኪበርድ ይጠብቃል። እናንተም አብራችሁ ትጠብቃላችሁ። ትልቅ ተጨማሪ ባትሪ መቶዎች ዶላር ነው፤ ሦስት ከገዛችሁ ሁለተኛ ማሽን ገዛችሁ ማለት ነው። ቤንዚን ያለው ሰው ጄሪካኑን አንስቶ ቀድቶ ይቀጥላል።

ስለዚህ ከስምንት ቤት በታች ይዛችሁ በትርፍ ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ባለ 21 የባትሪ ማጨጃ፣ ትሪመር (ማጨጃው የማይደርስበትን ጠርዝ የሚቆርጠው) እና ብሎወር በአንድ ብራንድ ግዙ፤ ባትሪው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ሥራዬ ብላችሁ ሃያ ቤት ለመያዝ ካሰባችሁ ማጨጃው ቤንዚን ይሁን፣ ትሪመሩና ብሎወሩ ባትሪ። እኔ አሁን የምሠራው በዚህ ሁለተኛው ነው።

ሆንዳ ለምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር። ሆንዳ አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ሳር ማጨጃ ማምረት በ2023 አቁሟል። ያገለገለው አሁንም ይዞራል፣ ሞተሩም እንደ በቅሎ ነው።

ከየት ይገዛ?

ከትልቅ መደብር ስትገዙ ዋጋው ይቀንሳል፣ መመለስም ቀላል ነው። ችግሩ ሲሰበር ነው። የእኔ አንደኛው ሜይ ላይ ቀበቶው ተበጠሰና ወደ ገዛሁበት ወሰድኩት። ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ ሦስት ሳምንት ቆየ። የዓመቱ ምርጥ ሦስት ሳምንት! የጥገና ክፍል ካለው የሰፈር አከፋፋይ የሚገዛ ሰው 100 ወይም 200 ዶላር ይጨምራል፣ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት «ሜይ ላይ ቢሰበር በስንት ቀን ትሠሩልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ አጥቶ የሚንተባተብ ሻጭ ከሆነ ውጡ።

ማሽኑን የሚከፍለው የደንበኞቻችሁ አከፋፈል

ስለ ዋጋ አጠር አድርጌ ላንሳ፣ ምክንያቱም ምን ያህል ማሽን መሸከም እንደምትችሉ የሚወስነው እሱ ነው። ለአንድ ትንሽ ግቢ በአንድ አጨዳ 45 ዶላር ትጠይቃላችሁ እንበል። በደህና ዓመት 28 ጊዜ ብታጭዱ 1,260 ዶላር ነው። በደረቅ ዓመት 21 ጊዜ ከሆነ 945። ዝናባም ሆኖ 32 ከደረሰ 1,440። ያንኑ 1,260 ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ለስምንት ወር ብታካፍሉት በወር 157 ዶላር ተኩል ይመጣል፣ ዘነበም አልዘነበም። በወር የሚከፍል ደንበኛ ሳሩ ሲተኛ ያጉረመርማል። ስለዚህ ስትዋዋሉ በደረቅ ሳምንት ቁጥቋጦ እንደምትከረክሙ፣ አረም እንደምትነቅሉ፣ ጠርዝ እንደምታስተካክሉ ጻፉበት። እኔ ግማሹን በወር፣ ግማሹን በአጨዳ ይዣለሁ። ማሽን በወርሃዊ ክፍያ የምትገዙ ከሆነ ግን በወር የሚከፍሉት ደንበኞች ብቻቸውን ክፍያውን መሸፈን አለባቸው።

ማዳበሪያ መበተኛና የአረም መድኃኒት መርጫ መጀመሪያ ላይ አትግዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ለክፍያ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው የምስክር ወረቀት ሊኖረው ወይም ባለው ሰው ሥር ሊሠራ ይገባል፣ ለመድኃኒቱም ፈቃድ አለ። በዚያ ገንዘብ ኢንሹራንስ ግቡ። ከምላጭ ሥር የወጣች ጠጠር የሰው መስኮት ስትሰብር ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ኖቬምበር ነው። ሰመሩ ያልሆነለት ሰው ጋራዡን የሚያጸዳው ያኔ ነው፤ እኔም ባለ 48ቱን የሸጥኩት ያን ጊዜ ነው፣ በግማሽ ዋጋ። ስትሄዱ ሻጩ ገመዱን ከመጎተቱ በፊት ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ ማየት ስለምትፈልጉ ሌላ ቀን እመለሳለሁ በሉት።