መኪናችሁ በሰው አገር ስትቆም መለዋወጫውን ከየት ትገዛላችሁ?

የፊት ቀኝ ጎማው ማጉረምረም ከጀመረ ሦስት ቀን ሆኖታል። በአራተኛው ቀን ፈታነው። የኩሽኔታው ሮለሮች በሙቀት ሰማያዊ ሆነዋል። ግራሶው እንደ ጥላሸት ደርቋል። ያለነው በሰው አገር፣ ይህች ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ጨርሶ ተሸጣ በማታውቅበት ቦታ ነው። የመለዋወጫ ሱቆቹ መልስ አንድ ዓይነት ሆነ፤ «የዚህ መኪና ዕቃ የለንም።» አመንኳቸው። ከሌላ አህጉር አዘዝኩና አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ።

ዕቃው ደርሶ አሮጌውን ልጥል ስጠርገው ጠርዙ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አየሁ። የኩሽኔታ ቁጥር ነው፤ ከመኪናዋ ስም ጋር ምንም አያገናኘውም። ሁለት መንገድ ተሻግሮ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ነበር። ያው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ስፈልግ በመኪናዋ ስም አልጠይቅም። ዕቃውን ራሱን አየዋለሁ። ከታች የማወዳድራቸው የመግዣ መንገዶች ሁሉ ጥሩም መጥፎም የሚሆኑት በምትፈልጉት ዕቃ ነው። ኩሽኔታ የሚገዛበት ቤት የፍሬን ሸራ ላይገዛበት ይችላል።

ቁጥሩ ካልተያዘ ገበያ አትውጡ

«70 ሲሪስ ላንድ ክሩዘር» ብሎ መጠየቅ ምንም ማለት አይደለም። ይህ መኪና ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ነው። በ1999 የፊት እግሩ ከባሌስትራ ወደ ሞላ ተቀየረ። ጎማውን የሚይዙት ብሎኖችም ከስድስት ወደ አምስት ወረዱ። በ2007 ደግሞ ቪ8 ናፍጣ ሞተር ሲገባለት በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ጨመረ። ስሙ ግን ያው 70 ነው። በስም ብቻ ያዘዘ ሰው ባለስድስት ብሎን ዕቃ ይዞ ባለአምስት ብሎን መኪና ፊት ይቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለውጭ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ባብዛኛው 17 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አላቸው። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው። 17 ካልሞላ አልቀበልም የሚል የሽያጭ ገጽ ቢገጥማችሁ መኪናችሁ ላይ ችግር የለም። የጃፓን ካታሎግ የሚያይ ሻጭ ፈልጉ።

ከዚያ የዕቃው ቁጥር ይመጣል። ቶዮታ ላይ ባለ10 አሃዝ ነው፤ አምስትና አምስት ሆኖ ይጻፋል። የመጀመሪያው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይነግራችኋል። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 90915 ላይ የዘይት ፊልትሮ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው አምስት ለየትኛው መኪና እንደሆነ ይለያል። ይህን ካወቃችሁ የሻጩን ቋንቋ ባትችሉም ችግር የለም፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማሳየት ይበቃል። ቁጥሩ በአዲስ ተተክቶ ሊሆን ስለሚችል «የለም» ሲሏችሁ ተተኪ ቁጥር እንዳለው ጠይቁ።

ወኪሉ ወይስ የገበያው ሱቅ?

የአምራቹ ወኪል ጥቅሙ እምነት ነው። የፍሬን፣ የመሪና የሞተር ውስጥ ዕቃ ከወኪል ስትገዙ ሌሊት ትተኛላችሁ። ችግሩ ወኪሉ የሚያየው ካታሎግ ብዙ ጊዜ በአገሩ ለተሸጡ መኪኖች የተዘጋጀ መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃይሉክስ ከ1995 ወዲህ አይሸጥም፤ በቦታው ታኮማ ገባ። ናፍጣ ሃይሉክስ ይዞ እዚያ የገባ ሰው ከወኪል ብዙ መጠበቅ የለበትም። ታይላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም አርጀንቲና ብትሆኑ ግን ሃይሉክስ እዚያው ስለሚገጣጠም ነገሩ ሌላ ነው።

የገበያው ሱቅ ፈጣን ነው። ርካሽም ነው። እኔ እዚያ የምፈልገው ለፋብሪካው ዕቃ የሚያቀርቡትን ድርጅቶች ካርቶን ነው፤ ዴንሶ፣ አይሲን፣ ኤንኤስኬ፣ ኬዋይቢ፣ ቦሽ። ብዙ ጊዜ ከወኪሉ ካርቶን የሚወጣውና ከእነዚህ ካርቶን የሚወጣው አንድ ዕቃ ነው። አንዳንዴ የመኪናው አርማ የነበረበት ቦታ ተፍቆ ታገኙታላችሁ። እሱ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም።

የሚያስደነግጠው ፎርጅዱ ነው። በብዛት የሚኮረጁት ቶሎ ቶሎ የሚቀየሩት ናቸው፤ ፊልትሮና የፍሬን ሸራ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አድርጉት። ክብደቱን በእጃችሁ ለዩ። የካርቶኑ ቀለም የደበዘዘ፣ ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ዋጋውም ከሌላው ሱቅ በግማሽ የወረደ ከሆነ ተዉት። የፍሬን ሸራ ላይ ጥርጣሬ ካለ ሁለት ቀን ጠብቆ ከወኪል መግዛት ይሻላል። በዚህ አልደራደርም። ቁልቁለት ወርዳችሁ የምትቆሙት በእሱ ነው።

ሰው የማያስበው ሱቅ

የኩሽኔታና የኢንዱስትሪ ዕቃ ቤት ማለቴ ነው። ፋብሪካ፣ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ባለበት ከተማ ሁሉ አለ። መኪና አያውቁም፤ ቁጥርና ልኬት ግን ያውቃሉ።

ለምሳሌ 6205 የሚል ኩሽኔታ ውሰዱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፤ 05 በ5 ሲባዛ 25 ነው። የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ይሆናል። ይህ ልኬት የትም አገር፣ የማንም ፋብሪካ ቢሆን አይለወጥም። ማባዛቱ የሚሠራው ከ04 ጀምሮ ነው፤ 03 ያለው 17 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ኋላ «2አርኤስ» የሚል ካለበት በሁለቱም በኩል ላስቲክ ክዳን አለው። የብዙ ዲናሞ ኩሽኔታ ከዚህ ቤተሰብ ነው። ዲናሞው ጮኸ ብሎ ሙሉ ዲናሞ ከባሕር ማዶ ማዘዝ ገንዘብና ጊዜ ማቃጠል ነው።

የዘይት ማገጃ ላስቲኩም እንዲሁ ነው። ፊቱ ላይ 35፣ 50፣ 8 የሚል ካነበባችሁ የውስጥ፣ የውጭና የውፍረት ልኬቱ ነው። ቺንጊያ በርዝመቱና በስፋቱ ይገኛል። የትራስሚሲዮን ክሮቼራም (የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ) በጽዋው ስፋትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ርዝመት ይለካል። ስለዚህ መሣሪያ ሳጥናችሁ ውስጥ ካሊፐር መለኪያ ይኑር።

ብሎን ላይ ግን ተጠንቀቁ። የጃፓን መኪና 10 ሚሊ ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 1.25 ሚሊ ነው። በየሃርድዌር ሱቁ የሚገኘው 10 ሚሊ ደግሞ 1.5 ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት ይከብዳል። በእጅ አንድ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠነክራል። እዚያ ላይ በቁልፍ ከገፋችሁት የሞተሩን ጥርስ በልታችሁታል።

ያገለገለ ዕቃ

ያገለገለ የምገዛው ብረት ሲሆን ነው። ዲፍሬንሻል፣ የካምቢዮ ቤት፣ በር፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ። ላስቲክ፣ የፍሬን ዕቃና ሴንሰር አልገዛም። ዕቃው የኖረበት አየር ራሱ ይናገራል። ሞቃት በረሃ ውስጥ የኖረ መኪና ብረቱ ንጹሕ ነው፣ ጎማ ቱቦውና ፕላስቲኩ ግን ይሰባበራል። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር የኖረው ደግሞ ከሥር ዝጎ ታገኙታላችሁ።

ከሁሉ አስቸጋሪው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ካልሆነ አትግዙ። አንድ ቢሆን እንኳ ከቁልፉ ጋር የተሳሰረ ከሆነ በባለሙያ ካልተዋወቀ መኪናዋ አትነሳም። ኮምፒውተሩን ከነቁልፉ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ።

ከውጭ ማዘዝ፤ ከየትኛው አገር?

ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ከሆነ እንግሊዝ ነው። የቀድሞው ዲፌንደር ሶሊሁል ፋብሪካ ውስጥ መሠራቱ ጥር 2016 ላይ ቢያበቃም ዕቃው እንደ ጉድ አለ። ለጃፓን ናፍጣ መኪኖችና ለጠንካራ የእግር ዕቃ አውስትራሊያ ትመረጣለች። መሪው በግራ ለሆነ ላንድ ክሩዘርና ኒሳን ፓትሮል የባሕረ ሰላጤው ገበያ ይቀርባል። አሮጌ 40 ሲሪስ ላንድ ክሩዘር ያላችሁ ደግሞ፣ ቶዮታ ማምረት ያቆማቸውን አንዳንድ ዕቃዎች መልሶ እንደሚሠራ በ2021 አስታውቋል። ጃፓንን ራሷን ጠይቁ።

መሪው በየት በኩል እንደሆነ ማስተዋል ግድ ነው። እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ጃፓን መሪው በቀኝ ነው። ኩሽኔታ፣ ፒስተን፣ ዲፍሬንሻል ብታዝዙ ልዩነት የለውም። የመሪ ሳጥን፣ የፍሪሲዮን ማስተር፣ የእጅ ፍሬን ሽቦ ከሆነ ግን ላይገጥም ይችላል።

ከሚያዘገየው ነገር ትልቁ ጉምሩክ ነው። ደረሰኙ ላይ «ስጦታ» ወይም ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዳይጻፍ ለሻጩ ንገሩት። ከተያዘ የምትጠብቁት ቀን ወደ ሳምንት ይለወጣል። ዕቃው በግልጽ ይጻፍ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የመኪና አካል 8708 ሥር ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ 8482 ሥር። መኪናችሁ በካርኔ (መኪና ያለ ቀረጥ ለጊዜው በሚያስገባ ሰነድ) የገባች ከሆነ ወረቀቱን አያይዙ። በ1954 የግል መኪናዎችን ለጊዜው ስለማስገባት የወጣውን ስምምነት የተቀበሉ አገሮች፣ እንዲህ ያለችውን መኪና ለመጠገን የሚመጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ለጊዜው እንዲገባ ይፈቅዳሉ። የወጣው አሮጌ ዕቃ የት እንደደረሰ ግን ይጠየቃል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት አትጣሉት።

የምታዝዙበትን ቀንም እዩ። ጃፓን ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ በነሐሴም አጋማሽ ሥራ ይቀዘቅዛል። በቻይና የጨረቃ አዲስ ዓመት ደግሞ ከዚያ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይቆማል።

በሰው ማስመጣት

ጓደኛ ሊጠይቃችሁ የሚመጣ ከሆነ ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ለትንንሽ ውድ ዕቃ፣ ለሴንሰር፣ ለጋስኬት ስብስብ፣ ለኖዝል የሚሆን ነው። አዲስ ዕቃ ይሁን፣ ከነደረሰኙ። ነዳጅ የነካ ያገለገለ ፓምፕ ሽታው ካልለቀቀው ከሻንጣው ይወጣል። ኤርባግ በጭራሽ አታስይዙት። ጋዝ ያለበት አሞርዛተርም ግፊት ያለው ዕቃ ስለሆነ አየር መንገዱን ሳይጠይቁ ማስያዝ ጓደኛን ማስቸገር ነው።

ቶርኖ ቤት

ዕቃው ከየትም ካልመጣ ይሠራል። ቡሽ፣ ፒን፣ የተሰበረ የዲናሞ መያዣ፣ የተበላ የብሎን ጥርስ በጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ እጅ በአንድ ቀን ያልቃል። የኃይል መሪውን ቱቦ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚገጣጥሙ ቤቶች ይሠሩታል። የመሪ ክንድና የፍሬን ክፍል ግን በብየዳ አይጠገንም። መካኒኩ «ይይዛል» ቢላችሁም እንቢ በሉ። መኪናዋን አስጎትታችሁ ትክክለኛውን ዕቃ ጠብቁ።

ዛሬ ያ ጎማ እንደገና ቢያጉረመርም የማደርገውን አውቃለሁ። ፈትቼ በጨርቅና በናፍጣ እጠርገዋለሁ። ቁጥሩን አንብቤ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የወፍጮ ዕቃ ቤት፣ ቀጥሎ የገበያው ሱቅ፣ ከዚያ ወኪሉ ጋ እሄዳለሁ። የማዝዘው ሦስቱም ከሌላቸው ነው። ያኔም ሁለት አዝዛለሁ፤ የግራው ጎማ ኩሽኔታ ከቀኙ ጋር እኩል መንገድ ሄዷል።