ቀበሌ ጉዳይ ያላችሁ የደሴ ሰዎች፣ ይቺን ልጅ ጠይቁ

ወሎዬዎች እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የቀበሌ ሠራተኛ ነው። አዎ፣ የቀበሌ። አትደንግጡ፣ አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው።

ሰፈራችን ጦሳ ግርጌ ነው። በቀበሌያችን የነዋሪ ጉዳይ የምታስተናግድ አንዲት ልጅ አለች። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። "የምከፈልበትን ሥራ ነው የሠራሁት፣ ምኑ ይጻፋል?" ነው ያለችው። ስሟን ትቼዋለሁ፣ መጻፉን ግን አልተውም። ቀበሌ ሲያጉላላን ለማማረር የሚቀድመን የለምና ሲያስተናግደንም እንናገር።

ቀበሌ ስትሄዱ የሚያደክመው ወረፋው ብቻ አይደለም። ተሰልፋችሁ ተሰልፋችሁ ስትደርሱ "ጉርድ ፎቶ ይጎድላል" ትባላላችሁ፣ ፎቶውን ይዛችሁ ስትመለሱ "የቤቱ ባለቤት ራሱ ይምጣ" ይመጣል፣ ባለቤቱን ለምናችሁ ስታመጡ ደግሞ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ይቺ ልጅ ገና ወረፋው ላይ እያላችሁ ወጣ ብላ "የእናንተ ጉዳይ ምንድን ነው?" ትላለች። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንዴ በብጫቂ ወረቀት ትጽፍላችኋለች። ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ በቃል ነግራ፣ መልሶ እንዲነግራት ታደርጋለች። ፈራሚው ከሌለም "ዛሬ አይገኙም፣ በከንቱ አትቀመጡ" ብላ እቅጩን ትናገራለች። እኔ ሱቄን ዘግቼ ነው የምሄደው፣ ስለዚህ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ከቤታቸው ሲወጡ ሰነድ የጠፋባቸው ጎረቤቶች አሉን። ምትክ ለማውጣት ከየት እንደሚጀመር እንኳን አያውቁም ነበር። የትኛው ማስረጃ ከፖሊስ፣ የትኛው ከቀበሌ፣ የትኛው ከማዘጋጃ ቤት እንደሚመጣ በተራ በተራ ያስያዘቻቸው እሷ ናት።

ወሳኝ ኩነት ላይ ደግሞ ጨቅጫቃ ናት። ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለባቸው ስንቶቻችን እናውቃለን? ጊዜው ቢያልፍም ይመዘገባል፣ ጣጣው ግን ይበዛል። ኒካህ ያሰረም ተክሊል ያደረገም ያው መመዝገብ አለበት። ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ መጥታ ስለ ወረቀት አታወራም፣ ነውር መሆኑን ታውቃለች። ሐዘኑ በረድ ሲል በቅሬው፣ ማለት በእድራችን፣ ዳኛ በኩል ለቤተሰቡ መልእክት ትልካለች። ውርስና ጡረታ ላይ የሞት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ የሚሯሯጠውን ሰው ብዙ ስላየች ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ለዚህ ጽሑፍ አላነሳሳኝም። ያነሳሳኝ የፕላኑ ነገር ነው።

የሰፈራችን ውሃ መውረጃ ሊሠራ ነው ተባለ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል ነው ያለችው፣ ነሐሴ ላይ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የማያውቅ የለም። ድሮ ቢሆን ስብሰባ ይጠራል፣ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፣ አበል ይኖራል ብሎ የመጣው እየተንጠራራ ይሰማል፣ "ሕዝቡ ተወያይቶበታል" ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። እሷ አዳራሽ አልጠራችንም። የቅሬው ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ራሷ መጣች። ባለሙያውን ይዛ፣ ረቂቁን በትልቅ ወረቀት አሳትማ። ወረቀቱ መሬት ላይ ተዘረጋ፣ ነፋሱ እንዳይወስደው አራቱም ማዕዘን ላይ ሲኒ ተቀመጠበት። ባለሙያው "ይህ ብሎክ፣ ይህ የመንገድ መብት ወሰን" እያለ ሲጀምር አስቆመችው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ "ይቺ ወፍጮ ቤቱ ናት። ይሄ መስጊዱ። አሁን የቆማችሁት እዚህ ጋ ነው" አለች። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ የጎነበሰው። የራሱን አጥር ፍለጋ!

አንዲት እናት ብዙ ካዩ በኋላ "ልጄ፣ ውሃው እኮ በዚህ አይመጣም" አሉ። ወረቀቱ ላይ ቱቦው በመስጊዱ በኩል ነበር የሚያልፈው። እሳቸው ጎርፉ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንደሚዞር፣ እሳቸው ግቢ የሚገባውም በዚያ እንደሆነ ተናገሩ። ባለሙያው ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። ልጅቱ ግን "ቆይ፣ እማማ ይጨርሱ" ብላ ያሉትን እንዳለ ቃለ ጉባዔው ላይ ጻፈችው። ከዛ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፣ "እንዲህ ነው ያልኩት" ሲሉ የጣት አሻራቸውን አስቀመጡ። በኋላ ባለሙያዎቹ ዝናብ ሲጥል መጥተው ቦታውን አዩት። መስመሩ ተቀየረ። የላይኛው ክፍል ተሠርቷል፣ የታችኛው ግን ገና ነው። እሷም "በዚህ በጀት አይደርስም" ብላ ቁርጡን ነግራናለች። ተስፋ አብልታ አትሸኝም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህን የበጀት ነገር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ መንገድ፣ መብራት፣ ውሃ የምትሉት ጥያቄ ዕቅዱ ሳይዘጋ፣ ከሐምሌ ብዙ ቀደም ብሎ በጽሑፍ መግባት አለበት። እኛ ጎርፉ ቤታችን ሲገባ ነሐሴ ላይ እንጮሃለን፣ ያኔ የዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ አልቋል። እሷ ፋሲካ አካባቢ ጀምራ "ምን ያስፈልጋችኋል? ጻፉና አስገቡ፣ የገባበትን ቁጥርም ያዙ" እያለች ትዞራለች።

በነገራችን ላይ መጠየቅ ውለታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየታችንን እንድንሰጥ የመጠየቅ መብት አለን ይላል። የከተማ ፕላን አዋጁም፣ ቁጥር 574/2000፣ ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ያዛል። መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው፣ የከተማው መሬት የቱ ለመንገድ የቱ ለቤት እንደሚውል የሚወስነው፣ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ነው፣ አንዴ ከጸደቀ በኋላ "የእኔ ግቢ እንዴት መንገድ ሆነ?" ማለት ድካም ነው። የሰፈራችን አንድ ወጣት ሌላ ቢሮ ሄዶ ፕላን ልይ ቢል "አንተን ምን አገባህ?" ተባለ። ለእሷ ሲነግራት አልተናደደችም፣ እስክሪብቶ ሰጠችው። የመረጃ ነጻነት አዋጁ 590/2000 እንደሆነ፣ የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ነግራ ማመልከቻ አጻፈችው። ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ አነጋገራቸው ተቀየረ፣ ፕላኑንም አየ።

እንከን የለባትም አልልም። ሰው አታስቀይምም ግን ቀልድ አታውቅም፣ ያልተሟላ ፋይል በአማላጅ አይገባላትም። የአጎቴ ልጅ "እኔ እኮ የእከሌ ዘመድ ነኝ" ሲላት "እሺ፣ ተራህን ጠብቅ" ብላው እስካሁን ያኮርፋታል። እኔን ደስ ነው ያለኝ።

የእኛ ቀበሌ ነዋሪ ያልሆናችሁም እሷ ጋ ጉዳያችሁን መጨረስ ባትችሉ ምክር ትሰጣችኋለች። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ሰኞ አትሂዱ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ጠዋት በጊዜ ግቡ። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። የእናንተ ቅሬ ስብሰባ ካለውም ጥሯት፣ ትመጣለች፣ ቡና ብቻ አትንፈጓት።

የቀበሌው ኃላፊዎችም ይህን ካነበባችሁ ለልጅቷ ምስጋና በደብዳቤ ይሰጣት፣ ማኅደሯ ውስጥ ይግባ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ በሯ ላይ መቀመጫ የለም፣ ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚቆሙት። እንጨት ሥራ ላይ ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ለአንድ ረዘም ያለ አግዳሚ የሚሆን ጣውላ እኔ እገዛለሁ፣ የእጅ ሥራውን ማን ይችላል?